የፍራንዝ ሴል ውጤቴ አልገጥም አለኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ጄል ቆዳን ምን ያህል ዘልቆ እንደሚያልፍ በፍራንዝ ሴል (ከላይ ጄል የሚቀባበት ቆዳ፣ ከሥሩ ደግሞ መድኃኒቱን የሚቀበል ፈሳሽ ያለበት ዕቃ) እየለካሁ ነው። ስድስት ሴል፣ አንድ ዓይነት ጄል፣ የአሳማ ጆሮ ቆዳ። አራቱ ተቀራራቢ ውጤት ሰጡኝ። አምስተኛው የእነሱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ስድስተኛው ደግሞ ሌሎቹ በስድስት ሰዓት ያሳለፉትን በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ አሳለፈ። ቀኑን ሙሉ ናሙና ስቀዳ ውዬ ያገኘሁት ይሄንን ነው። ሁለቱን ጥዬ አራቱን ብቻ ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ገና አትጣያቸው። የሁለቱ ችግር አንድ አይመስለኝም።

ዝቅ ያለው አረፋ ይሆናል። ባፈሩን (ከቆዳው ሥር የሚሞላውን ፈሳሽ) ከፍሪጅ እንዳወጣሽ ነው የሞላሽው? ቀዝቃዛ ባፈር ሲሞቅ ውስጡ የነበረው አየር ይወጣና ከቆዳው ሥር ይጠራቀማል። አረፋው ባለበት ቦታ ቆዳው ፈሳሹን አይነካም፤ መድኃኒቱም መውረጃ ያጣል። እኔን ሦስት ሳምንት አንከራትቶኛል። ጄሉን ስጠረጥር፣ ማሽኑን ስጠረጥር ቆይቼ አንድ ቀን የስልኬን መብራት ከጎን ሳበራ ምስር የምታክል አረፋ ተለጥፋ አየኋት። አሁን ባፈሩን ሳላሞቅና አየሩን በቫኪዩም ሳላወጣ አልሞላም። ከዚያ ሴሉን ዘንበል አድርጌ የቀረውን አረፋ በጎን ቱቦው አስወጣለሁ። ናሙና በቀዳሽ ቁጥር ከሥር እይ፤ ባፈሩን ስትተኪም አየር ይገባል።

ከፍ ያለው ግን የተጎዳ ቆዳ ይመስላል። መድኃኒቱን በዋናነት የሚያግደው የላይኛው የሞተ ሽፋን ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ምላጭ ትንሽ ከነካው አለቀ። ጄሉን ከመቀባትሽ በፊት የቆዳውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለኪ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የሙከራ መመሪያ ቁጥር 428ም የቆዳው ደህንነት ይረጋገጥ ይላል። የማይሆን ቆዳ የሚጣለው ያኔ ነው። ውጤት አይቶ መጣል ግን ደስ ያለንን ቁጥር መምረጥ ይሆናል።

መልስ 2፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮዎቹ ቄራ ውስጥ ፀጉር ለማስለቀቅ ሙቅ ውኃ ተነክረዋል? ከተነከሩ ያ ሽፋን ይጎዳል፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ከመነከሩ በፊት የተቆረጠ ስጡኝ በያቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆሮዎቹን ሙቅ ውኃ አልነካቸውም፤ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። የስድስተኛውን ቆዳ ግን አውጥቼ ወደ መስኮት ስይዘው፣ መርፌ የወጋው በሚመስል ነጥብ ብርሃን ያሳልፋል። ፀጉሩን ስላጭ ነው የነካሁት። ባፈሩም ከፍሪጅ እንደወጣ ነበር። ከእንግዲህ ፀጉሩን በመቀስ ነው የምቆርጠው። ሰኞ ስድስቱንም ከመጀመሪያው እደግማለሁ።