ለክላሲክ ፕሪስት ሂለር በእርግጥ የሚጠቅሙ አድኦኖች የትኞቹ ናቸው?

የማታ ፕሪስት፦

ጤና ይስጥልኝ። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ (የኦንላይን ጨዋታው የቀድሞ ስሪት) የምጫወተው በፕሪስት ነው፤ ሥራዬም ሂለር፣ ማለትም ሌሎችን መፈወስ ነው፤ ሌቭል 60 ደርሻለሁ። አምስት ሰው በሚገባባቸው ዳንጀኖች ውስጥ ጨዋታው ራሱ ይዞት የሚመጣው ስክሪን ከበቂ በላይ ነበር። ጊልዳችን (አብረን የምንጫወተው ቡድን) ሞልተን ኮር የሚባለው የ40 ሰው ሬይድ ውስጥ መግባት ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል፤ 40 ሰው በስምንት ግሩፕ ተከፍሎ ሲደረደር፣ የሚጎዳውን ሰው ለይቼ፣ ታርጌት አድርጌው፣ ስፔሉን እስክጫን ድረስ ወይ ሌላ ሂለር ቀድሞኝ ይሞላዋል፣ ወይ ሰውየው ይሞታል።

ጊልዱ ውስጥ ምክር ስጠይቅ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ረጅም የአድኦን (በጨዋታው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ዝርዝር ሰጠኝ፤ ቩዶ፣ ሂልቦት፣ ግሪድ ቱ፣ ክሊክ፣ ዲከርሲቭ፣ ኤልቪዩአይ፣ ዊክኦራስ፣ ኳርትዝ። ላፕቶፔ ያረጀ ስለሆነ ይህን ሁሉ መጫን አልፈልግም፤ በዚያ ላይ የምጫወተው ከአዲስ አበባ በሞባይል ዳታ ሲሆን ሰርቨሩ ያለው አውሮፓ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከእነዚህ መካከል ባይኖር ሥራዬን የሚያጎድልብኝ የትኛው ነው፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አንድ የጊልዳችን አባል «በአድኦን የሚፈውስ ሰው ቢኖር፣ የሚጫወተው ማሽኑ ነው» ይላል፤ ይህ እውነት ከሆነ ነገሩን ከጅምሩ ብተወው እመርጣለሁ።

ድሩይድ ዘጣና፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ከተመለሰ አንደኛውም ይቃለላል። የጊልዳችሁ አባል ያሉት ነገር በጨዋታው የመጀመሪያ ዓመታት እውነት ነበር። ያኔ ዲከርሲቭን የመሰሉ አድኦኖች አንድ ቁልፍ ሲነካ ደባፍ (ጠላት የጣለበት ጎጂ ስፔል) ያለበትን ሰው ራሳቸው ፈልገው፣ ስፔሉንም ራሳቸው መርጠው ያነሡለት ነበር። ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ባወጣው ፓች 2.0 ይህን በር ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ውጊያ ላይ እያሉ ማንን እንደሚፈውሱም ሆነ በየትኛው ስፔል እንደሚፈውሱ አድኦን ሊወስንልዎ አይችልም። የዛሬው ክላሲክ የሚሠራው በአዲሱ የጨዋታው ፕሮግራም ላይ ስለሆነ ይኸው ገደብ እዚያም አለ። አድኦኑ ያሳያል፤ የሚመርጡትም የሚጫኑትም እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ምርጫው ልመለስ። አንድ ሂለር ስፔል ከመጫኑ በፊት አራት ነገር ማወቅ አለበት፤ ማን እንደተጎዳ፣ ሰውየው በ40 ያርድ ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ ሌላ ሂለር ጀምሮለት እንደሆነ፣ እንዲሁም ሂለሩ ራሱ ሊያነሣለት የሚችለው ደባፍ እንዳለበት። አራቱም መልሶች በአንድ ቦታ፣ በሰውየው ስም ላይ፣ መታየት አለባቸው፤ ዓይን ከአንዱ የስክሪን ጥግ ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚባክነው ጊዜ ነው ሰው የሚገድለው። ስለዚህ ባይኖር ሥራዎን የሚያጎድልብዎ አንድ የሬይድ ፍሬም፣ ማለትም የሁሉንም ሰው ጤና በአንድ ላይ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይታሰባል።

ሂልቦት እንደተጫነ ወዲያው የሚሠራ ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል። ቩዶ ፍሬሙንም በማውስ መፈወሱንም አንድ ላይ ይዟል፤ ብዙ ጎበዝ ሂለሮች የሚምሉበት አድኦን ቢሆንም የማስተካከያው መስኮት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለእርስዎ የምመርጠው ግን ግሪድ ቱን ከክሊክ ጋር ነው። ግሪድ ቱ ሰውን በትናንሽ ሳጥኖች መደርደርና ምልክት ማሳየት ዋና ሥራው ሲሆን፣ ክሊክ ደግሞ ስፔልዎን ከማውስ ቁልፍ ጋር ያስርልዎታል፤ በአንድ ሳጥን ላይ ግራውን ሲጫኑ ፍላሽ ሂል፣ ቀኙን ሲጫኑ ግሬተር ሂል፣ ሺፍትና ግራን ሲጫኑ ሪኒው፣ መካከለኛውን ሲጫኑ ዲስፔል ማጂክ፤ ታርጌት ማድረግ የሚባለው ሥራ እንዲሁ ይቀራል። ሁለቱን የመለያየቱ ጥቅም በፓች ማግስት ይታያል። ግሪድ ቱ ለጊዜው ቢበላሽ ክሊክ በጨዋታው በራሱ ፍሬም ላይም ስለሚሠራ፣ እጅዎ የለመደው ሁሉ እንዳለ ይቆያል።

ስፔሎቹን ሲያስሩ ስፔልቡኩ ላይ ሁሉንም ራንክ (የስፔሉን ደረጃ) እንዲያሳይ የሚያደርገውን ምልክት ማድረግ አይርሱ። ክላሲክ ውስጥ ዝቅ ያለ ራንክ መጠቀም ማና (ስፔል የሚያስከፍለውን ኃይል) ከሚያተርፉት መንገዶች ዋናው ነው፤ ከፍተኛውን ራንክ ብቻ ያሰረ ፕሪስት ቦስ (ዋናው ጠላት) ግማሽ ሳይደርስ ማናው ያልቃል።

አንዲቱን ሳጥን እንዴት እንደማዘጋጃት ላሳይዎ። የጤናው መስመር ጥቁር ግራጫ ሲሆን የጎደለው ክፍል በሰውየው ክላስ ቀለም ይሞላል፤ እንዲህ ሲሆን ጤነኛው ሰው ጨልሞ የተጎዳው ብቻ በርቶ ይታያል። ሂለሮች የጀመሩትን ፈውስ እርስ በርስ ከሚያሳውቀው ሂልኮም ከሚባል ኮድ በሚመጣው መረጃ ሌላ ሂለር የጀመረው ፈውስ በፈዛዛ አረንጓዴ ይጨመራል፤ ይህ ግን ሂልኮም ያለውን አድኦን የጫነ ሂለር ብቻ ስለሚታይበት ጊልዳችሁ ሁሉም ሂለሮች እንዲጭኑት ቢስማማ መልካም ነው። ከላይ በቀኝ ጥግ የራስዎ ሪኒው፣ ከታች በቀኝ ጥግ ዊከንድ ሶል (ሺልድ የተደረገለት ሰው ላይ የሚቀር ደባፍ) ይሁን፤ ዊከንድ ሶል ለ15 ሰከንድ ሌላ ሺልድ ስለሚከለክል ምልክቱን ያየ ሰው ከንቱ ቁልፍ አይጫንም። ከ40 ያርድ የራቀው ሰው ሳጥኑ ይደበዝዛል።

ደባፍ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ፕሪስት የሚያነሣው ማጂክንና በሽታን ነው፤ እርግማንና መርዝ የእርስዎ ሥራ አይደሉም። የሞልተን ኮር የመጀመሪያ ቦስ ሉሲፍሮን ማጂክንም እርግማንንም በብዙ ሰው ላይ ይጥላል። ኢምፔንዲንግ ዱም ማጂክ ነው፤ ካልተነሣ ከ10 ሰከንድ በኋላ 2000 ጉዳት ያደርሳል። የሉሲፍሮን እርግማን ደግሞ የስፔልን ዋጋ እጥፍ ያደርጋል፤ እሱን የሚያነሡት ሜጅና ድሩይድ ናቸው። ፍሬምዎ ሁለቱንም ደባፎች በእኩል ድምቀት ካሳየዎ ግማሹን ጊዜ የማያነሡትን ሲመለከቱ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ሰማያዊ ጠርዝ ለማጂክ፣ ቡናማ ጠርዝ ለበሽታ ብቻ ይተዉ። በራስዎ ሳጥን ላይ ግን እርግማኑም ይታይ፤ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ሳለ ግሬተር ሂል መጀመር የለብዎትምና። ይህን ካደረጉ ዲከርሲቭን ለብቻው መጫን አያስፈልግዎትም።

ባለ ጋሻው፦

እኔ በዋሪየር ታንክ (የጠላትን ምት የሚቀበል ሰው) ሆኜ የምጫወት ነኝ፤ የምናገረውም ከሚፈወሰው ሰው ወገን ሆኜ ነው። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምርበት።

የመጀመሪያው፣ ታንኮችን ከ40ው ሰው መካከል አውጥተው ለብቻቸው፣ ከፍ ባለ ሳጥን ያስቀምጡ። ሬይድ ውስጥ ሮግ ቢሞት አንድ ሰው ጎደለ፤ ታንክ ቢሞት ቦሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

ሁለተኛው አግሮ፣ ማለትም ጠላት ማንን እንደሚያጠቃ ነው፤ የሚያጠቃው ትሬት የሚባለው ነጥብ የበዛበትን ሰው ነው። እያንዳንዱ የሚፈውሱት ነጥብ ግማሽ ነጥብ ትሬት ይፈጥራል፤ ይህም በውጊያው ውስጥ ላሉት ጠላቶች ይከፋፈላል፤ ከሙሉ ጤና በላይ የፈሰሰው ፈውስ ግን ትሬት የለውም። ስለዚህ አዳዲስ ጠላቶች ገና ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ሂለሩን ነው። ፍሬምዎ ጠላት የያዘውን ሰው በቀይ እንዲያመለክት ያድርጉ፤ በራስዎ ስም ላይ ቀይ ካዩ ትሬትዎን ለጊዜው የሚቀንሰውን ፌድን ተጭነው ወደ ታንኩ ይቅረቡ። እባክዎ አይሽሹ፤ ከእኔ በራቁ መጠን ጠላቱን ላስጥልዎ የምችልበት ዕድል ይቀንሳል።

የቦስ ማስጠንቀቂያን በተመለከተ ዲቢኤም ወይም ቢግዊግስ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይበቃል። ባሮን ጌዶን የሚባለው የሞልተን ኮር ቦስ ቦምቡን በእርስዎ ላይ ሲያደርግ ዓይንዎ ሳጥኖቹ ላይ ስለሚሆን የሚያድነን ድምፁ ነው፤ ድምፁን አያጥፉት።

የጅዳው ሻማን፦

እኔም አውሮፓ ባለው ሰርቨር ከሩቅ ስለምጫወት የፒንጉን (መረጃ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ) ጉዳይ ልመልስ፤ እዚህ ላይ አውሮፓ ውስጥ ሆነው የሚጫወቱ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ አይሠራልንም።

ክላሲክ ውስጥ ማና የሚቀነሰው ስፔሉ ሲያልቅ ነው። ልምድ ያላቸው ሂለሮች ታንኩ ሳይጎዳ ግሬተር ሂልን ይጀምሩና፣ ጉዳቱ ካልመጣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ተንቀሳቅሰው ይሰርዙታል፤ ማናው ይተርፋል። ፒንጉ ከፍ ያለበት ሰው ግን ሰረዝኩ ባለበት ሰዓት ሰርቨሩ ስፔሉን ጨርሶ ማናውን ቀንሶበታል። ኳርትዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የስፔሉ መስመር መጨረሻ ላይ ፒንግዎን የሚያህል ክፍል በቀይ ያሳያል። የሚሰርዙ ከሆነ መስመሩ ቀዩን ሳይነካ ይሰርዙ። የሚቀጥለውን ስፔል ለመጫን ግን መስመሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለብዎትም፤ ጨዋታው ከመጨረሻው በፊት በ400 ሚሊሰከንድ ውስጥ የተጫነውን ተቀብሎ ያስከትለዋል። ይህን ቁጥር ዝቅ እንድናደርግ የሚመክሩን አሉ፤ በእኛ ኔትወርክ እንዳለ ቢቆይ ይሻላል።

ዊክኦራስን (የራስዎን ምልክት ስክሪኑ ላይ የሚሠሩበት አድኦን) ድሩይድ ዘጣና በስም አላነሣውም፤ እኔ ግን ከሬይድ ፍሬም ቀጥሎ ሊታሰብ ይገባዋል እላለሁ። ለፕሪስት አንዲት ምልክት ብቻ ብትኖረው ይበቃዋል፤ የአምስት ሰከንዱ ደንብ። ማና የሚያስከፍል ስፔል ከጨረሱ በኋላ ለ5 ሰከንድ ከስፒሪት (ማና በራሱ እንዲመለስ ከሚያደርገው የገጸ ባሕርይዎ ነጥብ) የሚገኘው ማና ይቆማል፤ የሚቆጥር ትንሽ መስመር ካለዎ «አሁን አንድ ሪኒው ልጨምር ወይስ ሁለት ሰከንድ ልታገሥ» የሚለውን በእውቀት ይወስናሉ። ከማያውቁት ሰው የተላከ የዊክኦራስ ጽሑፍ ግን ዝም ብለው አይለጥፉ፤ በውስጡ የሚሠራ ኮድ ሊኖር ይችላል። አድኦን የሉአና የኤክስኤምኤል ፋይል ያለበት ፎልደር ነው፤ «ይህን ፕሮግራም ጫን» የሚል ፋይል ይዞ ከመጣ አይክፈቱት።

የማታ ፕሪስት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግሪድ ቱን፣ ክሊክን፣ ዲቢኤምንና ኳርትዝን ጭኜ ልጀምር፤ ዊክኦራስ ላይ የአምስት ሰከንዱን መስመር ብቻ አደርጋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ወንድሜ ክላሲክ ያልሆነውን አዲሱን ጨዋታ ስለሚጫወት አብሬው መሞከር እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ወደዚያ ማዛወር እችላለሁ?

ድሩይድ ዘጣና፦

እንዳለ አይዛወርም። ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው ሚድናይት ከሚባለው ማስፋፊያ ጀምሮ አዲሱ ጨዋታ አድኦኖች የውጊያ መረጃን እየቀመሩ ምክር እንዳይሰጡ ይገድባል፤ የዊክኦራስ አዘጋጆችም ለሚድናይት የሚሆን ስሪት እንደማያወጡ አሳውቀዋል። ስለዚህ እዚያ የጨዋታውን የራሱን ፍሬም ይዘው ቢጀምሩ ይሻላል፤ ድራጎንፍላይት ከሚባለው ቀደም ያለ ማስፋፊያ ወዲህ ባለው ኤዲት ሞድ ቦታውንና መጠኑን እንደፈለጉ ያደርጉታል።

ለክላሲኩ ግን ሁሉንም አስተካክለው ሲጨርሱ በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ደብሊውቲኤፍ የሚባለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ የአድኦኖችዎ ማስተካከያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ላፕቶፑ ቢበላሽ አድኦኖቹን እንደገና ያወርዳሉ፤ ሳጥኖቹን ያስተካከሉበት ድካም ግን ከፍላሹ ተመልሶ ይገኛል። ግልባጩን ሲወስዱ ጨዋታው ዝግ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለውጦቹ ፋይል ላይ የሚጻፉት ከጨዋታው ሲወጡ ነውና።