ከካርዲፍ ተነስቶ አነስተኛ የዌልስ ሜዳ ላይ ጨዋታ ለማየት የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ (የካርዲፍ ነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ 10 ዓመት ሞልቶታል፤ እግር ኳስን የሚያውቀው ግን በቴሌቪዥን ብቻ ነው። በትልቅ ስታዲየም ከሩቅ ወንበር ላይ ሆኖ ከሚያይ ይልቅ፣ ከመስመሩ ዳር ቆሞ የአሰልጣኙን ጩኸትና ኳሷ ስትመታ የምታወጣውን ድምፅ እየሰማ አንድ ጨዋታ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ በባቡር ደርሶ መልስ የሚኬድበት አነስተኛ የዌልስ ሜዳ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ማወቅ የምፈልገው ትኬት አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልግ እንደሆነ፣ የሁለቱ ቡድኖች ደጋፊዎች ተለያይተው ይቆሙ እንደሆነ፣ በቅዝቃዜው ወራት ጨዋታው በዝናብ ምክንያት ሊሰረዝ ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም እርስ በርሱ በሚተዋወቅ የአገሬው ሰው መካከል ባይተዋር እንዳንሆን ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

መልስ (ከሜርተር አቅራቢያ)

ያለ ብዙ ማመንታት ሜርተር ቲድቪልን ይምረጡ እላለሁ። ከካርዲፍ ማዕከላዊ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር የታፍን ወንዝ ሸለቆ ይዞ አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ መስመሩ እዚያው ያበቃል። ከጣቢያው እስከ ክለቡ ሜዳ እስከ ፔኒዳረን ፓርክ በእግር ይኬዳል፤ ሆኖም መንገዱ አቀበት ስላለው ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። የቅዳሜ ጨዋታ በተለምዶ የሚጀምረው በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ሜዳው ያረፈው በአንድ ወቅት የሮማውያን ምሽግ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የሪቻርድ ትሬቪቲክ የእንፋሎት ባቡር ብረትና ሰው ጭኖ በሐዲድ ላይ የተጓዘውም ከዚሁ ከፔኒዳረን የብረት ፋብሪካ ተነስቶ ነበር። ልጅዎ ታሪክ የማይወድ ከሆነ ይህን ይተዉትና የ1987ቱን ይንገሩት። ሜርተር ቲድቪል በዚያ ዓመት የዌልስን ዋንጫ ወስዶ ለአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በቃ፤ ከዚያም በዚሁ ሜዳ የጣሊያኑን አታላንታን 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ፤ ይሁንና አታላንታ በዚያው ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ መጓዙን ስናስብ ያ ድል የዋዛ አልነበረም። አጠገብዎ የቆሙ አዛውንት ካሉ ስለዚያ ምሽት ይጠይቋቸው፤ ባይተዋርነቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

ያ ክለብ በ2010 በገንዘብ ችግር ፈረሰ። ደጋፊዎቹ ሜርተር ታውን ብለው መልሰው ሲያቋቁሙት በርካታ እርከኖች ወርደው መጀመር ግድ ሆነባቸው፤ የመጀመሪያውን የውድድር ዓመትም በራሳቸው ሜዳ ሳይሆን ታፍስ ዌል በሚባል መንደር ተጫወቱ። በ2025 ደግሞ የደቡብ ሊጉን በአንደኝነት አጠናቀው ወደ ናሽናል ሊግ ሰሜን፣ ማለትም ወደ እንግሊዝ ስድስተኛ እርከን አደጉ። የደቡብ ዌልስ ቡድን በሰሜን ምድብ መመደቡ ለእኔ አሁንም የሚገርም ነገር ነው።

ሜዳው ሰው ሠራሽ ሳር ስለሆነ የዌልስ ዝናብ ብቻውን ጨዋታውን እምብዛም አያሰርዘውም። ውርጭና በረዶ ግን ሊያሰርዙት ስለሚችሉ፣ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የክለቡን ገጽ ይመልከቱ፤ የትኬቱንም ዋጋ እዚያው ያገኙታል። ለተለመደ የሊግ ጨዋታ ትኬት አስቀድሞ መቁረጥ ግዴታ አይሆንብዎትም።

መልስ (የባሪ ተመልካች)

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሜርተር መሬቱ ዌልስ ይሁን እንጂ የሚጫወተው በእንግሊዝ ሊግ መሆኑን ጠያቂው ቢያውቁት አይከፋም። የዌልስ ብሔራዊ ሊግ በ1992 ሲመሠረት በእንግሊዝ እንቆያለን ብለው ከተቃወሙት ስምንት ክለቦች አንዱ ሜርተር ነበር። ዛሬ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ሬክሳም እና ኒውፖርት በእንግሊዝ ትልልቆቹ ሊጎች ሲጫወቱ፣ ከእነርሱ በታች ባሉት እርከኖች እዚያው የቀረው ሜርተር ብቻ ነው።

የዌልስን የራሷን ሊግ ማየት ከፈለጉ ከካርዲፍ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላው የባሪ ከተማ አለልዎት። ባሪ ታውን በ2001 በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ በፖርቶ 8 ለ 0 ከተረታ በኋላ በመልሱ ጨዋታ ያንኑ ፖርቶን 3 ለ 1 ያሸነፈ ክለብ ነው። በ2013 የክለቡ ባለቤት ቡድኑን ከሊጉ ሲያስወጣው፣ ክለቡን የተረከቡት ደጋፊዎች ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሰው ወደ ሊጉ እንዲመለስ አስፈረዱ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ወደ ከፍተኛው የዌልስ ሊግ ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ከአታላንታው ድል አስበልጣለሁ። የሜዳው የጄነር ፓርክ ጉድለት ግን መደበቅ የለበትም፤ ዙሪያውን የአትሌቲክስ መም ስላለው ተመልካቹ ከመስመሩ ይርቃል።

የጠያቂው አስተያየት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መም ካለው ልጄ የጓጓለት ቅርበት ስለሚቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ሜርተርን መርጫለሁ፤ ባሪ ደግሞ ለሌላ ቅዳሜ ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የምንሄደው በነቢያት ጾም ወቅት ነው። በሜዳው የሚሸጥ የጾም ነገር ይገኝ ይሆን?

መልስ (በየሜዳው የምዞር)

ስለ ምግቡ ስንቅ ቋጥረው መሄድ ይበጃል እላለሁ። በእንዲህ ዓይነት ሜዳዎች የሚሸጠው በአብዛኛው በሥጋ የተሞላ ኬክ፣ በርገርና የድንች ጥብስ ነው፤ ድንቹም ቢሆን በምን እንደተጠበሰ ሳይጠይቁ አይግዙ። በተለይ ቦቭሪል ከሚባለው ትኩስ መጠጥ ይጠንቀቁ፤ በኩባያ ሲያዩት ጥቁር ቡና ይመስላል እንጂ ከበሬ ሥጋ የተዘጋጀ ነው። ሻይ ሲያዙም ያለ ወተት መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ፤ አለበለዚያ ሻጩ ሳይጠይቅ ወተቱን ይጨምርበታል።

የደጋፊዎችን መለያየት በተመለከተ፣ በዝቅተኛ እርከኖች የሁለቱም ቡድኖች ደጋፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቀላቅለው ይቆማሉ፤ አንዳንድ ትልልቅ ጨዋታዎች ላይ ግን ይለያያሉ። ካልተለያዩ፣ ብዙዎች ቡድናቸው ወደሚያጠቃበት ግብ ጀርባ ይሄዱና በእረፍት ሰዓት ሜዳውን ዞረው ወደ ሌላኛው ግብ ይሻገራሉ። እርስዎም ልጁን ይዘው አብረዋቸው ይዙሩ፤ በጥላ ፎቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመቆየት ይልቅ ሰው የሚለምዱት በዚያ ነው። ዝናቡ ከባሰ ግን ጥላ ፎቁን የሚያህል የለም።

በር ላይ ወይም በሜዳው ዙሪያ የዕጣ ትኬት የሚሸጡ በጎ ፈቃደኞች ካጋጠሙዎት አንድ ይግዙላቸው፤ ከገቢው የተወሰነው ለአሸናፊው ሲሆን የቀረው ለክለቡ ይውላል። እንዲህ ያለ ክለብ እንደ ትልልቆቹ ክለቦች ብዙ የቴሌቪዥን ገንዘብ ስለማያገኝ በበሩና በሻይ ቤቱ የሚሰበሰበው ሳንቲም ሳይቀር ዋጋ አለው። አስቀድሜ ላስጠነቅቅዎ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ፦ ከመስመሩ ዳር ሲቆሙ የአሰልጣኙ ጩኸት ብቻ ሳይሆን ለዳኛው የሚወረወረው ስድብም ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጅዎ እንግሊዝኛውን ከእርስዎ በተሻለ ስለሚረዳው፣ ከተጠባባቂ ተጫዋቾች መቀመጫ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በማዕዘን ምቱ ባንዲራ አካባቢ ብትቆሙ ይሻላል።