ወደ ጉጉፍቱና አቀስታ ብቻዬን በሞተር ስወጣ ሽጉጥ ልያዝ?

ባለማማው (ደሴ) ጠየቀ፦

ሰላም ወገኖቼ። ሥራዬ የስልክ ማማ ጀነሬተር መጠገን ነው። ከኅዳር ወዲህ ከደሴ በጉጉፍቱና በጊምባ አድርጎ እስከ አቀስታ ያለው መስመር በእኔ ትከሻ ላይ ወድቋል። አብሮኝ ይሄድ የነበረው ባልደረባዬ ሥራ ለቆ ምትክ ስላልመጣ በሞተር ብስክሌት የምመላለሰው ብቻዬን ነው። ጀነሬተር ደግሞ ሰዓት መርጦ አይቆምም፤ ንጋት ላይ ይደወልልኛል፣ ወይም ጨርሼ ስወርድ ይመሽብኛል።

ባለፈው ሳምንት ከጊምባ ወዲህ ጉም ውስጥ ገባሁ። ከፊት ጎማዬ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሁለት የበግ ውሾች ከግራ በኩል ወጥተው እግሬ ሥር ሲደርሱ መሪው ከእጄ አመለጠ፤ ሞተሩ በጎኑ ተኛ፣ እኔም ቦይ ውስጥ ገባሁ። እረኛው ደርሶ በዱላ መለሰልኝ። ጉልበቴ ከመላጡና መስተዋቱ ከመሰበሩ በቀር የከፋ ጉዳት የለም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሽጉጥ ትቶ ነው ያለፈው። ፈቃድ ነበረው። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። አጎቴ «ያዘው» ይለኛል፤ እናቴ «እንዳትነካው» ትለኛለች። ለውሻውም፣ ለጅቡም፣ ለክፉ ሰውም ብዬ ይዤው ልውጣ? ከያዝኩስ ወገቤ ላይ ይሻላል ወይስ ቦርሳ ውስጥ? ልጅ ሳለሁ አባቴ ሁለት ጊዜ ጣሳ ላይ አስተኩሶኛል፤ ችሎታዬ ይኸው ነው።

የባቲው ነጋዴ መለሰ፦

ያዘው እንጂ፣ ምን ያጠያይቃል! እኔ ከባቲ የሰኞ ገበያ ከብት ገዝቼ ስነዳ ከጎኔ ተለይቶኝ አያውቅም። አንድም ቀን አልተኮስኩበትም፤ ያልተኮስኩትም ስለያዝኩት ነው። ገንዘብ ይዞ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። የቆላውን መንገድ የማያውቅ ሰው «ዱላ ይበቃል» ሲልህ አትስማው። ፈቃዱን ግን በስምህ አድርግ፤ የእኔ በስሜ ነው።

ጡረተኛው ፖሊስ መለሰ፦

ልጄ፣ ወገብና ቦርሳ ከማለታችን በፊት ሣጥኑን እንይ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለብረቱ አይደለም። አባትህ ሲያርፉ የእሳቸው ፈቃድ ለአንተ አልተላለፈም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እናትህ በነጠላ የጠቀለሉት የባላቸውን መታሰቢያ ነው፤ ለሕጉ ግን ባለፈቃድ የሌለው መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ሽጉጡን ካለበት ሳታነሳ የቀድሞውን የፈቃድ ወረቀት፣ የአባትህን የሞት ማስረጃና መታወቂያህን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። መሣሪያው እንዴትና በማን እጅ እንደሚመጣ እነሱ ይንገሩህ። ሊያስመዘግብ ራሱ ይዞት ሲሄድ መንገድ ላይ ተይዞ ጣጣ ውስጥ የገባ ሰው አውቃለሁ፤ «ላስመዘግበው ነው» ሲል ያመነው አልነበረም።

ፈቃዱን አገኘህ እንበል። ያኔም ቢሆን የምፈራልህ ኬላውን ነው። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ሰው ማን እንደሆነ ከሩቅ አትለይም፤ እሱም አንተን አይለይህም። ለብርዱ ፊቱን የሸፈነ፣ በሞተር የሚመጣ፣ ካፖርቱ በወገቡ በኩል ያበጠ ሰው ምን ይመስላል? መታወቂያ ላውጣ ብለህ እጅህን ወደ ጎንህ ስትሰድ ያ ሰው የሚያየው እጅህን ነው፤ መታወቂያውን አይደለም።

ተኩሰህ ሰው ብትመታ ደግሞ «ራሴን ልከላከል ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። በጉም ውስጥ ሮጦ የመጣው ሰው ሊዘርፍህ ነበር ወይስ ሊያነሳህ? ባለፈው ሳምንት የመጣው ሊያነሳህ ነበር።

የወረኢሉ ልጅ (ከአንኮሬጅ) መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እዚህ አላስካ ሰዎች በየክረምቱ የሚከራከሩበት ነገር ነው። በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር አለ፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ እንደ ትራክተር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ ጎማ ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሰው ወደማይኖርበት ተራራ እንወጣበታለን። የዚህ አገር ሕግ ከእኛው ለየት ይላል፤ 21 ዓመት የሞላውና በሕግ ያልታገደ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። ድንበሩን ተሻግረህ ካናዳ ስትገባ ያው ሽጉጥ ያሳስርሃል።

የሚይዙት ለድብ እንዳይመስልህ፤ ድብ ክረምቱን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ጭንቀቱ ሙስ የሚሉት ከፈረስ የሚገዝፍ አጋዘን ነው። በረዶው ሲጠልቅበት እኛ በሞተር የደለደልነውን መንገድ ይይዝና አልወርድም ይላል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛና የማጅራቱ ጸጉር ከቆመ ሊረግጥህ ነው። መፍትሔው ራቅ ብሎ ቆሞ መጠበቅ ወይም መመለስ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ቆመን አርባ ደቂቃ ጠብቀነዋል፤ እሱ ቅርንጫፍ ይቀረጥፋል፣ እኛ እግራችንን እናማታለን። ነፍሱን ለማዳን ብሎ የገደለም ሰው ለመንግሥት ማሳወቅና ሥጋውን ማስረከብ ግዴታው ነው።

የት ልያዘው ላልከው፦ ባልደረባዬ ወገቡ ላይ ታጥቆ ሲወድቅ ብረቱ በእሱና በበረዶው መካከል ገባ፤ ሦስት ሳምንት አነከሰ። ከዚያ ወዲህ ደረቱ ላይ ነው የሚያስረው። ከካፖርቱ በላይ ሲያደርገው በረዶ ይሞላዋል፤ ከሥር ሲያደርገው በጓንት አይደርስበትም። ቅባቱ በብርድ ይረጋል። ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ብረቱ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ተመልሶ ሲወጣ በረዶ ይሆንና ምላጩን ይይዘዋል። ጉጉፍቱ ላይ ውርጭ በጣለበት ጠዋትም ያው ነው።

እዚህ ሰው የሚገድለው ግን የበረዶ ናዳ ነው። ማንም ሰው የተቀበረበትን ቦታ የሚጠቁም አስተላላፊ፣ ረጅም መፈተሻ ዘንግና አካፋ ሳይዝ አብሮን አይወጣም። አንዱ አስተላላፊውን ረስቶ ሽጉጡን አንጠልጥሎ ቢመጣ መሪያችን ከመኪና ማቆሚያው መለሰው። አንተም ሽጉጡን ተወውና ናዳህ የትኛው እንደሆነ አስብ።

ነርሷ (ኮምቦልቻ) መለሰች፦

ወንድሜ ባለማማው፣ እኔን ያሳሰበኝ ጉልበትህ ነው። የላጠህ ድንጋዩ ነው ወይስ የውሻው ጥርስ? እባክህ አጣርተህ መልስልኝ።

ባለማማው መለሰ፦

እህቴ፣ ጉልበቴን ድንጋይ ነው የላጠው። ከእሱ ዝቅ ብሎ ባቴ ላይ ግን ሁለት ጭረት አለ፤ ሱሪዬም እዚያው ላይ ተበስቷል። ደም አልወጣኝም። ቤት ስደርስ አልኮል ቀባሁበት።

ነርሷ መለሰች፦

ሥራህን ትተህ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደ ሆስፒታል ይላኩህ። ደም አለመውጣቱ አያድንህም፤ ቆዳ የጫረ የውሻ ጥርስ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ምልክት ሳይመጣ ከተጀመረ ያድናል። ሳምንት አልፏል ብለህ አትተወው፤ ቢዘገይም ይሰጣል። ለወደፊቱ ደግሞ ከአልኮሉ በፊት በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጠብ። ሰዓት ይዘህ ታጠብ፤ 15 ደቂቃ ሰው ከሚያስበው በላይ ረጅም ነው።

እረኛውንም አግኘው። ውሻው ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል። ያን ዕለት ሽጉጥ ይዘህ ውሻውን ጥለኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጠብቀው ውሻ አይኖረንም ነበር።

አባ ለጋምቦ መለሱ፦

አብሽር ልጄ፣ ልጅቱ ያለችህን ፈጽም። እኔ ስለ ውሻው ልንገርህ።

የበግ ውሻ የሚሮጠውን ነው የሚያባርር። ሲመጣብህ ነዳጅ አትስጥ። ቀስ ብለህ ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ወርደህ ሞተሩን በአንተና በእሱ መካከል አድርግ። ጎንበስ ብለህ ድንጋይ ያነሳህ ምሰል፤ ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ማለትህን ያውቀዋል። ከዚያ «የውሻው ባለቤት! ያዝልኝ!» ብለህ ተጣራ። በእኛ አገር ውሻ ያለ እረኛ አይገኝም፤ እረኛው ጉሙ ውስጥ እያየህ ነው።

ጅብ ከሞተር ድምፅና ከመብራት ይሸሻል። ተበላሽቶብህ በእግርህ ከሆንክ ባትሪህን አብርተህ፣ ድምፅህን አሰምተህ ወደ ጭስ ሂድ። ቀይ ቀበሮ ደጋ ላይ ብታይ ደግሞ ውሻ መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ የእሱ አደን አይጥ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም።

ሰው ብትመታ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ አያበቃም። አስታራቂው ሽማግሌ፣ አበጋሩ፣ ይቀመጣል፤ ጉማ፣ የደም ካሣው፣ ይቆረጣል፤ የእናትህ በሬ ይሸጣል፣ አንተም ያን መንገድ ዳግመኛ በሰላም አትረግጠውም።

የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ካለ እስላሙም ክርስቲያኑም ያሳድራል። ብረት የታጠቀ እንግዳ ሲመጣ ግን ሴቶቹ ልጆቹን ወደ ጓዳ ያስገባሉ። ስለዚህ ማማው ባለበት መንደር ሁሉ አንድ አንድ ቤት ልመድ። ስኳር ይዘህ ግባ፤ የልጆቹን ስም ያዝ። ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ባና ግዛና ደርብ፤ ካፖርትህ ለደሴ ነው።

የካቴና ጌታ (ጋራዥ፣ ደሴ) መለሰ፦

ሽጉጡ ሊቀመጥበት ባሰብከው ቦርሳ ውስጥ አንድ ካላማዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ ትርፍ ካንዴላና የካቴና ማያያዣ ክተት። ክብሪቱን በላስቲክ ጠቅልለው። እዚያ ሰው የሚያድረው ካንዴላው ስለጨቀየ ነው፤ ሽፍታ ስለያዘው አይደለም። መስተዋቱንም አምጣና ልቀይርልህ።

የባቲው ነጋዴ መለሰ፦

እኔ የቆላውን መንገድ ነው የተናገርኩት፤ ከብት ነጂና ማማ ጠጋኝ አንድ አይደለም። ቃሌን አላነሳም። ግን የውሻውን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። ክትባቱን ጀመርክ?

ባለማማው መለሰ (ከአምስት ቀን በኋላ)፦

ጀምሬያለሁ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «ይህን ይዘህ ነው ሳምንት የተቀመጥከው?» ሲለኝ ሰው ፊት አፈርኩ። እረኛውን በማማው ጠባቂ በኩል አገኘሁት። ውሻው 12 ቀን አልፎት ደህና ነው፤ ስሙም ዳማ ይባላል። ትናንት ሳልፍ እንደ ተመከርኩት አጥፍቼ ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ዳማ ቆመ፣ ሌላኛው ግን አልቆመም፤ እረኛው እስኪጠራው ድረስ ሞተሩን እየዞርን አንድ ሁለት ዙር ሄድን።

ወረቀቶቹን ይዤ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ቤት ድረስ መጥተው ሽጉጡን ተረክበው ፈርመው ወሰዱት። እናቴ ቡና አፈላችላቸው። ሲወጡ ነጠላውን አጥባ አሰጣችው፤ የብረቱ ዝገት ግን አልለቀቀም።

አለቃዬን ማታ ማታ ብቻዬን እንዳያስወጣኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። አሁን የቀረኝ ባናው ነው። ደህና ባና ከየት ልግዛ?

አባ ለጋምቦ መለሱ፦

አቀስታ ገበያ። ከመግዛትህ በፊት በብርሃን ፊት ዘርግተህ እየው፤ ብርሃን ካሳለፈ ነፋስም ያሳልፋል።

የባቲው ነጋዴ መለሰ፦

ባቲ አትምጣ፤ እዚህ በነጠላም ይሞቃል። ፍየል ከፈለግክ ግን ሰኞ ና።