ጥቆማ፦ ናሱ «አልከፍትም» ሲል ለማን ይሰጣል?

ከቢቸና አንድ ወዳጄ «ቤት ያለው ናስ (በቤት ኔትወርክ የሚከፈት የፋይል ማስቀመጫ) ከኮምፒውተሬ ላይ ጠፋ፤ ደብረ ማርቆስ ማን ጋ ልውሰደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለጊዜው የትም አትውሰደው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የምሠራው ቤቴ ነው። ባለ ሁለት ዲስኩ ናስ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፎልደሩ አልከፍት አለ፤ ዊንዶውስ 80070035 የሚል ቁጥር አወጣ። ሙሽሮቹ ቅዳሜ ሊወስዱ ቀጥሬያቸዋለሁ። ደንግጬ አንዱን ዲስክ ነቅዬ ጥገና ቤት ሮጥኩ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካውና «ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። ጣቱ ማውሱ ላይ ነበር። ፎርማት ማለት ፋይሉን ሁሉ መደምሰስ ነውና እጁን ያዝኩት። የናስ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ በማያነበው ፎርማት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምንም ያልሆነውንም ዲስክ «ይፎርማት?» እያለ ይጠይቃል።

ለካ ችግሩ አድራሻው ነበር። ራውተሩ ሲነሣ ለናሱ ሌላ ቁጥር ሰጥቶታል። 192.168.1.5 የነበረው 192.168.1.9 ሆኗል፤ ኮምፒውተሬ ግን የድሮውን ይፈልጋል። የራውተሩን ገጽ በብራውዘር ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ናሱ ካለ፣ አዲሱን ቁጥር ፋይል ማሰሻው ላይ ከሁለት የኋልዮሽ ስላሽ ቀጥላችሁ ጻፉ። ከተከፈተ ያ ቁጥር ለናሱ ብቻ እንዲያዝ እዚያው ራውተሩ ላይ አስተካክሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩ።

ኮምፒውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም ናሱን አያየውም። ሌላው ጣጣ የዊንዶውስ ዝመና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የድሮው ኤስኤምቢ 1 (ዊንዶውስ በኔትወርክ ፋይል የሚለዋወጥበት ዘዴ) አብሮ አይመጣም፤ በእሱ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ናስ አይከፈትም። የ2024ቱ የዊንዶውስ 11 ዝመና ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግዳነት መግባትን ይከለክላል። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ የድሮውን መልሶ ይከፍትላችኋል። እንዳትስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ የተሰራጨው በዚያው ቀዳዳ ነው። ናሱን አዘምኑ፣ ስምና ፓስወርድ ፍጠሩለት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሰው ጥሩ። ማንን? የስልክ ጥገና ሱቅ ለቻርጀርና ለኬብል ይበቃል። ለኔትወርኩ ግን የደህንነት ካሜራ የሚገጥሙትን ልጆች እመርጣለሁ። አድራሻ ማስያዝ የዕለት ሥራቸው ነው፤ ቤት ድረስም ይመጣሉ። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካወጣ ወዲያው አጥፉት። ያኔ ጉዳዩ የኔትወርክ መሆኑ ቀርቶ ፋይል ማዳን ስለሆነ፣ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መውሰድ ያዋጣል። ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰው ባሕር ዳር ስለሚቀርብ እዚያ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ዲስኩን ጭን ላይ ያዙት እንጂ የአውቶብስ ጣሪያ ላይ አትጫኑት፤ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ።

ገና የምትገዙ ከሆነ ኢንተርኔት ሳይኖር በቤት ኔትወርክ ብቻ የሚከፈተውን ምረጡ። በ2023 የዌስተርን ዲጂታል ናሶች የሚከፈቱበት የማይ ክላውድ የኢንተርኔት አገልግሎት ለቀናት ሲቋረጥ፣ ሳሎናቸው ያለውን ፋይል መክፈት ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም። እንደ ሲኖሎጂ ያለ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ውድ ነው፤ ግን ያሳርፋል። አሮጌ ኮምፒውተርን ናስ የሚያደርገውን ኦፕንሚዲያቮልት የተባለ ሶፍትዌር መጫን በነጻ ነው፤ መብራት ይበላል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ራውተር ላይ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ለፎቶ እንጂ ለሥራ አልመክርም።

ስታቢላይዘር ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባትሪ ያለውን ዩፒኤስ ግዙና ራውተሩንም ናሱንም እሱ ላይ ሰኩ። እኔ የገዛሁት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ራውተር ስትገዙ ጊጋቢት መሆኑን ጠይቁ። ባለ 100 ሜጋቢቱ 100 ጊጋባይት ቪዲዮ ለማስተላለፍ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ጊጋቢቱ ሩብ ሰዓት ገደማ።

የቢቸናው ወንድሜ፣ ራውተርህ ዝርዝር ላይ ናሱ አለ ወይስ የለም? እሱን አይተህ ጻፍልኝ።