አስቸኳይ፦ የአባቴ የህመም መድኃኒት ሐሙስ ያልቃል፤ አዲሱ ሐኪም አልጽፍም አለ

ሐና (ሜሪላንድ)
ሰላም ለዚህ ቤት። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባቴ ወገቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ጀምሮ ኦክሲኮዶን ይወስዳል። የድሮው ሐኪሙ ጡረታ ወጣ። ዛሬ አዲሱ ጋ ስንሄድ «ጤና ቢሮው አሠልጥኖናል፤ እኔ ይህን አልጽፍም» ብሎ በአይቡፕሮፌን ሸኘን። ያለን እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ፋርማሲው ሲዘገይበት ላብ አጠመቀው፣ ያዛጋል፣ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ። ጤና ቢሮ እንዴት በታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል? ምን ላድርግ?

የጉለሌ ልጅ
አይዞሽ እህቴ። ያ ሐኪም የራሱን ወገብ ሲያመው አይቡፕሮፌን ይዘዙለት 😄 እኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ትራማዶል አለኝ። ዊተን ነኝ፣ ላቀብልሽ?

ነርስ ቆንጂት
የጉለሌ ልጅ፣ ለቅንነትህ አመሰግናለሁ፤ ግን በፍጹም! የሰው መድኃኒት አይወሰድም። ትራማዶል ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። ሐንዬ፣ ስንት ሚሊግራም ነው? በቀን ስንቴ? መውሰድ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆናቸው? ሌላስ ምን ይወስዳሉ?

የፋርማሲው ልጅ
ናርካን ግዙና ቤት አስቀምጡ፤ እንደ ኦክሲኮዶን ያለ መድኃኒት በዝቶ ትንፋሽ ሲያደክም የሚሽር ነው። በአፍንጫ የሚረጨው ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።

ብሩክ (ኒው ዮርክ)
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኦክሲኮንቲን የሚባለው የኦክሲኮዶን ዓይነት በ1996 ገበያ ሲወጣ የኩባንያው ወኪሎች በየሐኪሙ በር እየዞሩ «ሱስ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው» ይሉ ነበር። ያስከተለውን እልቂት ሁላችንም እናውቃለን። የኒው ዮርክ ከተማ ጤና ቢሮም ያንኑ በር ማንኳኳት ለበጎ አዋለው። በ2013 ክረምት ስታተን አይላንድ ላይ ሠራተኞቹ ሐኪሞችን አንድ በአንድ እያገኙ አነጋገሩ። እኔ ያኔ እዚያ አንድ ክሊኒክ ፊት ዴስክ እሠራ ነበር። አንዷ መጥታ በሁለት በሽተኞች መሀል ኮሪደር ላይ ዶክተሩን ይዛ አስረዳችው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ለድንገተኛ ህመም የሦስት ቀን መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ካንሰር ላልሆነ የቆየ ህመም ኦፒዮይድ (እንደ ኦክሲኮዶን ያለ ከባድ የህመም ማስታገሻ) አትጀምሩ፤ መጠኑን አታብዙ። በዚህ ሰው ተርፏል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጤና ቢሮውን ባንወቅስ።

ትግስት
ብሩክ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው፤ የልጅቷ ሐሙስ ግን እየደረሰ ነው! ደግሞስ ሥልጠናው ስለ አዲስ ጀማሪ ነው። ዓመታት የወሰደን ሰው በአንድ ቀን ቁረጡ የሚል የለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ኤፍዲኤ በ2019 በድንገት ማቋረጥ ከባድ ጉዳትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል የሲዲሲ የ2022 መመሪያም ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው ቅነሳው በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ ባነሰ ይሁን ይላል። ሐኪሙ ግማሹን ነው የሰማው።

ሐና (ሜሪላንድ)
10 ሚሊግራም፣ በቀን አራቴ። ስድስት ዓመት ሆነው። ማታ ማታ ለእንቅልፍ ሎራዜፓም ይወስዳል፤ የሚጽፍለት ሌላ ሐኪም ነው። ይህ ለውጥ አለው?

ነርስ ቆንጂት
በጣም አለው! ሐኪሙን ያስፈራው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሞች የእነዚህን መድኃኒቶች ጥንካሬ በሞርፊን ይለካሉ፤ ኦክሲኮዶን ወደ ሞርፊን ሲመነዘር በ1.5 ይባዛል። የቀኑ 40 ሚሊግራም 60 ይሆናል፤ ሲዲሲ ከ50 ጀምሮ ጥንቃቄ ይጨመር ይላል። ሎራዜፓም ሲታከልበት ደግሞ ሁለቱ ተባብረው እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ያደክማሉ። ይህን ሰምተሽ ግን ሎራዜፓሙን በራስሽ እንዳታስቆሚ፤ እሱም በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው።

ነገ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደውዪ። «አባቴ ስድስት ዓመት ወስዷል፣ ሐሙስ ያልቅበታል፣ ቀስ እያለ የሚቀንስበት ዕቅድና እስከዚያ የሚያቆየው ማዘዣ እንፈልጋለን» በዪ። «ክሪስፕ ላይ የቀድሞውን ማዘዣ አይተኸዋል?» ብለሽ ጠይቂው። ክሪስፕ የሜሪላንድ የሕክምና መረጃ ሥርዓት ነው፤ ከፋርማሲ የተወሰደ እንዲህ ያለ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት እዚያ ይታያል። የተናገርሽውን የክሊኒኩ ፖርታል (ለሐኪሙ መልእክት የሚላክበት ድረ ገጽ) ላይም ጻፊው፤ የተጻፈ ነገር ማንም አይክደውም። እምቢ ካለ፣ ሌላ ሐኪም እስኪያዩ ድረስ ማን እንደሚከታተላቸው ይንገርሽ። መድኃኒቱ ካለቀና ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም መቃዠት ከመጣ ግን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። በአባትሽ ዕድሜ ፈሳሽ ማጣት ቀላል አይደለም።

የፋርማሲው ልጅ
ናርካን አትርሱ። ሎራዜፓም ስላለ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ሎራዜፓሙን አይሽርም፤ የኦክሲኮዶኑን ግን ይሽራል። ረጭታችሁ ወዲያው 911 ደውሉ።

የጉለሌ ልጅ
ትራማዶሉን ትቼዋለሁ። ወደ ክሊኒኩ በመኪና አደርሳችኋለሁ፤ በውስጥ ጻፊልኝ።

እማማ ዘነበች
ልጆቼ፣ እኔም እንግሊዝኛው አይሆንልኝም። ሐኪም ጋ ብቻዬን ብሄድ ማን ያስረዳልኛል?

ነርስ ቆንጂት
እማማ፣ ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» ይበሉ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ሐና፣ አንቺም አባትሽ በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ አስተርጓሚ አስጠሪ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልን።