የነዳጅ ታንክ ለሚቀብር ሠራተኛ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ሽምብጥ፦ የነዳጅ ማደያ ታንክ የሚቀብርም ሆነ የሚያወጣ ሠራተኛ በስሙ ፈቃድ ይኑረው የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ ሲነሳ አንዱ ተነስቶ «ጉድጓድ ቆፍሮ ብረት ማስገባት ነው፤ ለዚህ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» አለ። ተጨበጨበለት። እንዴት ባህር ዳር ላይ ይህ ይነገራል? 50,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ ውሃ ሲከበው ውሃው በ50 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። ብረቱ 6 ቶን ያህል ቢመዝን ነው። የቀረውን 44 ቶን ምን ሊይዘው ነው? ጣና ዳር ጉድጓዱ ሳያልቅ ውሃ ያመነጫል። ሐይቁ የሚሞላው ደግሞ መስከረም ላይ ስለሆነ ግንቦት ላይ ደረቅ ያየኸውን ጉድጓድ ማመን አይቻልም። ያልታሰረ ታንክ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ ቧንቧውን ገንጥሎ ነው የሚወጣው።

አባይ ማዶ፦ ሰውዬው አነጋገሩ ባያምርም ነጥብ አለው። ይህን ሒሳብ የሚሠራው መሐንዲሱ ነው። ንድፉን የፈረመ ሰው አለ፣ ማደያውን የሚያስተዳድር ድርጅት አለ። ፈቃዱን በበያጁና በቆፋሪው ላይ መጫን ለእንጀራቸው እንቅፋት ከመሆን ሌላ ምን ይጨምራል?

ሽምብጥ፦ ወንድሜ፣ ንድፉ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው ሠራተኛው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ይመዝናል፤ ውሃ ውስጥ ግን የሚቆጠረው 1.4 ብቻ ነው። ከታንኩ ሥር የሚነጠፍ 15 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 36 ቶን ይመስላል፤ የሚይዝልህ 21 ቶን ነው። ቀሪውን የሚሸከመው ከላይ የሚመለሰው አሸዋ ነው፤ ንጣፉም ቢሆን የሚሠራው ማሰሪያው ታንኩን ከእሱ ጋር ካጠበቀው ነው። ፎርማኑ ይህን ካላወቀ «ይበቃል» ብሎ ማሰሪያ ይቀንሳል፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ዋልካ፦ አሸዋውን ካነሳህ አይቀር፣ ስንቱ ነው የቆፈረውን ዋልካ ከነድንጋዩ መልሶ የሚሞላው? ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩ ደግሞ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀውን ቅብ ይፍቃል። ንጹሕ አሸዋ በ30 ሳንቲ ሜትር ንብብር እየተጠቀጠቀ፣ በተለይ ከታንኩ ሆድ ሥር በእጅ እየተገፋ መግባት አለበት። ታንኩን በሽቦ ገመድ አንቆ ማንሳትም ሌላው ጥፋት ነው። ቅቡ በተላጠባት ትንሽ ቦታ ዝገቱ ተሰብስቦ ይበሳዋል፤ መላው ታንክ ከሚዝግ ይልቅ ያች ነጥብ ትፈጥናለች።

አባይ ማዶ፦ ይህን ሁሉ ተቆጣጣሪ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ዋልካ፦ ተቆጣጣሪ የሚመጣው ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ነው። ያኔ የሚያየው የማንሆሉን ክዳን ነው።

ጋራዥ፦ ለማንኛውም ታንኩ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማየት አየር ሞልቶ ሳሙና መቀባት ማን አቃተው? አረፋ ካልወጣ ደህና ነው።

ሽምብጥ፦ በስንት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)?

ጋራዥ፦ ኮምፕሬሰሩ የሰጠውን ያህል።

ሽምብጥ፦ ሰው የሚገድለው ይህ መልስ ነው! ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የታንክ ጫፍ በ5 ፒኤስአይ እንኳ በ17 ቶን ይገፋል። ጋራዥ ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር ከ100 በላይ ይሰጣል። ስለዚህ ትንሿን ግፊት አጉልቶ የሚያሳይ ጌጅና በራሱ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሳይገጠም አየር አይከፈትም። ነዳጅ የነበረበት ታንክ ደግሞ በአየር ጭራሽ አይፈተሽም።

ባለሜትሯ፦ ስለመቅበሩ ብቻ ትከራከራላችሁ፤ ማውጣቱ ይብሳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ከሆነ ይቀጣጠላል። ከአየር ስለሚከብድ ታንኩ ውስጥም ጉድጓዱ ውስጥም ይተኛል። «ባዶ ነው» የሚባለው ታንክ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው። ኦክሲጅኑን ከታንኩ ለማስወጣት ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የሚጠቀም ሰው ለ1,000 ሊትር 1.8 ኪሎ ያህል ያስባል፤ ለ50,000 ሊትር 90 ኪሎ ማለት ነው። በዚያ ፈንታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር መክፈት ክልክል ነው፤ ጋዙ ሲፈተለክ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ራሱ ይለኩሳል።

ጋራዥ፦ እህቴ፣ የናፍታ ታንክ ግን አይፈነዳም። ይህን ሁሉም በያጅ ያውቃል።

ባለሜትሯ፦ ናፍታ ሳይሞቅ በቂ ትነት አይሰጥም፤ እውነት ነው። በኦክሲጅን ስትቆርጠው ግን ላሜራው ይግላል፤ ዝገቱና አተላው ውስጥ የተደበቀው ናፍታ ይተናል፤ ነበልባሉም እዚያው እጅህ ላይ ነው። ስለዚህ አተላው ተጠርጎ፣ የታንኩ አየር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በጋዝ ሜትር ይለካል፤ ከመቁረጥ በፊትም እንደገና።

አባይ ማዶ፦ እስቲ አሜሪካንን እንይ፦ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ደንብ ፈቃድ ያለው ተካይ የግድ አላለም። ባለቤቱ ተከላው በትክክል መፈጸሙን እንዲያረጋግጥ ነው የጠየቀው፤ ፈቃዱ አንዱ አማራጭ ነው። መሐንዲስ መርምሮ ቢያረጋግጥም ይቻላል። ታዲያ እኛ ለምን ብረት በያጁ ላይ እናጠብቃለን?

ሽምብጥ፦ «አንዱ አማራጭ» ትላለህ። ሌላው አማራጭ የሚመረምር መሐንዲስ ነው አልክ። ጉድጓዱ ሳይዘጋ የሚመጣልህ መሐንዲስ ካለ እኔም እቀበላለሁ። አለ?

አባይ ማዶ፦ ፈቃድ ሰጪውስ አለ? ፈታኙ ራሱ ታንክ ቀብሮ የማያውቅ ከሆነ ወረቀቱ ይሸጣል፤ ማንበብ የማይችለው ብርቱ በያጅ ደግሞ ከሥራ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ባለሜትሯ፦ ፈተናው ለምን በጽሑፍ ይሆናል? ጉድጓዱ አፍ ላይ በአማርኛ ይጠየቅ። «ደረቅ በረዶ ከገባ በኋላ የጋዝ ሜትሩ ዜሮ አሳየ፤ ምን ታደርጋለህ?» በል። «ደህና ነው፣ እቆርጣለሁ» ያለ ይውደቅ። የሚቀጣጠል ትነት የሚለካው አብዛኛው ሜትር ለመሥራት ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ኦክሲጅን በሌለበት ዜሮው ውሸት ነው። የሚለካው ኦክሲጅኑ ነው። ሰው ይገባበታል ከተባለ ደግሞ አየር ተነፍቶ ኦክሲጅኑ ከ19.5 በመቶ በላይ መሆን አለበት።

አባይ ማዶ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው። ሜትሩን ግን ማን ይገዛለታል? ባለማደያው ይግዛ ካላችሁ ፈቃዱም በባለማደያው ስም ይሁን።

ዋልካ፦ ባለማደያው ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም።

ጋራዥ፦ የናፍታው ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።