አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን ላሠራቸው?

ጥያቄ፦ አዲሷ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ። ልጆቹ ከሃምሳ በላይ ናቸው። ግማሾቹ መዋዕለ ሕፃናት ያለፉ ናቸው፤ ሌሎቹ እርሳስ ጨብጠው አያውቁም። ዋናው ትምህርት እስኪጀመር ባሉት ቀናት ምን ላሠራቸው? ያለኝ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ያገለገለ ካርቶን ነው። የሚያለቅሱትንስ እንዴት ልያዛቸው? አደራ፣ «መዝሙር አስዘምሪ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፤ እኔን የጨነቀኝ መዝሙሩ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ ነው።

መልስ፦ ጠመኔ

እህቴ፣ «ዋናው ትምህርት እስኪጀመር» ያልሽውን ተይው። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ተሰልፎ መግባት፣ ደብተር ተቀብሎ ማሳለፍ፣ እጅ አውጥቶ ተራ መጠበቅ፣ ራሳቸው ዋና ትምህርት ናቸው። አምስተኛ ክፍል አንዴ ተናግረሽ ያልፍልሻል። እዚህ ግን መናገር ብቻውን አይሠራም፤ ማሳየት አለብሽ።

ለምሳሌ ደብተር መሰብሰብን ውሰጂ። መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ዴስክ ላይ ተቀምጠሽ ደብተሩን ወደ ጎን አሳልፊ። ቀጥለሽ ሆን ብለሽ አበላሺው፤ ወርውሪው፣ ተሻምተሽ ንጠቂ። ይስቃሉ፣ «እንደሱ አይደለም!» ይሉሻል። ከዚያ አንድ ረድፍ ብቻ ይሞክር፣ ሌላው ይመልከት። በመጨረሻ ሁሉም ይሞክሩ። በማግስቱ ያንኑ ድገሚ። በዚህ ዓይነት በቀን ከሁለት በላይ አዲስ ሥርዓት አታስተምሪ፤ ይደባለቅባቸዋል።

ዝም የማሰኛ ምልክትም በጨዋታ ነው የሚለመደው። በጭብጨባ አንድ ምት ትመቺያለሽ፣ እነሱ መልሰው ይመታሉ፣ ከዚያ እጅ ጭን ላይ፣ ዓይን ወደ መምህር። ዘዴው እዚህ ጋ ነው፦ «አሁን የፈለጋችሁትን አውሩ፣ ጩኹ» በያቸውና መሃል ላይ ምልክቱን ስጪ። እየጮኹ ማቆም መቻላቸውን በዚህ ታያለሽ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ዝም ማሰኘትማ ምን ያስተምራል?

የክፍሉ ሕግ ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጥ፣ የሚደረገውን የሚናገር ይሁን። «አትሩጡ» ከማለት «ክፍል ውስጥ እንራመዳለን» ይሻላል። ማንበብ ስለማይችሉ በሥዕል ሳይው፤ ሥዕሉን እነሱ ቢሥሉት ደግሞ የራሳቸው ሕግ ይሆናል።

መጸዳጃ ቤቱን የመጀመሪያው ቀን ይዘሻቸው ሄደሽ አሳያቸው፤ ፈቃድ የሚጠይቁበትንም የእጅ ምልክት አስተምሪ። ትልቅ ጉዳይ አይመስልም፣ ግን ሱሪው ላይ ካመለጠው ልጅ ውስጥ ብዙው መቆጣጠር አቅቶት ሳይሆን መጠየቅ ፈርቶ ነው።

አንድ ሥራ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አይለፍ። ተቀምጠው ከሠሩ በኋላ ቀጣዩ ቆመው የሚሠሩት ይሁን።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

መምህር አይደለሁም፤ ስለ ልቅሶው ብቻ ልናገር። ወላጅ ልጁ ሳያየው ሹልክ ብሎ እንዲወጣ አታድርጊ። ልጁ ዘወር ሲል እናቱን ካጣት በማግስቱ ቀሚሷን አይለቅም። አጭር ስንብት ይበቃል፤ ስሞ፣ «ከምሳ በፊት እመጣለሁ» ብሎ መሄድ። ያሉትን ሰዓት ማክበር ደግሞ የወላጅ ድርሻ ነው። በር ላይ ቆሞ በመስኮት የሚያይ ወላጅ ካለ በትሕትና ሸኚው፣ ልቅሶውን የሚያስረዝመው እሱ ነው። ለሚያለቅሰው ልጅ ሥራ ስጪው፤ ጠመኔ ያቀብል፣ ካርቶን ያድል። «አታልቅስ፣ ትልቅ ልጅ ነህ» ማለት ለእኔ ልጆች ሠርቶ አያውቅም።

መልስ፦ ቁም ጽሕፈት

ጠመኔ ሥርዓቱን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ እጅ ልጨምር። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁትን ልጆች ወዲያው ሆሄ አታስጽፊ። ጣት መጠንከር አለበት፦ ወረቀት በጣት መቅደድና ማድቦልቦል፣ በጭቃ ቅርጽ መሥራት፣ አሸዋ ላይ በአመልካች ጣት መሣል። ከዚያ በካርቶን ላይ ትልልቅ መስመር፦ ቁም፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ክብ። ፊደላችን ከእነዚህ ነው የሚሠራው። ዐ ክብ ነው፣ በ ሁለት ቁም መስመርና አንድ አግድም። መስመሩ ከጸናላቸው ሆሄው አያስቸግራቸውም። እርሳሱ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ አጭር እርሳስ በጡጫ ለመጨበጥ ስለማይመች ልጁ በሦስት ጣት ለመያዝ ይገደዳል።

የስም ካርድ ከካርቶን ቆርጠሽ ስማቸውን በትልቁ ጻፊ። ጠዋት ሲገቡ ካርዳቸውን ከጠረጴዛ ፈልገው ያንሡ። አንቺም ሳትጠሪ ማን እንደቀረ በቀሩት ካርዶች ታውቂያለሽ። በስማቸው አስጨብጭቢ፦ ከ-በ-ደ ሦስት ጭብጨባ፣ ማር-ታ ሁለት። ማርታ ካርዷ ላይ ሦስት ሆሄ እያየች ሁለቴ ብቻ ማጨብጨቧ ይገርማታል። ር ሳድስ ስለሆነች ከማ ጋር አብራ ትጠራለች። ማብራሪያው ለኋላ ይቆይ፣ ለአሁኑ ጆሯቸው ይስማው።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ወላጅ አለ። ልጁ ሳምንት ሙሉ ባዶ ደብተር ይዞ ሲመጣ «ምን እያስተማሩ ነው?» ይባላል። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ሀ ሁ ሂ አስጽፋለሁ። መዋዕለ ሕፃናት ያለፉት ደግሞ ፊደል ጨርሰዋል፤ እነሱ ጭቃ ሲያድቦለቡሉ መዋል አለባቸው?

መልስ፦ ጠመኔ

ደብተር ያዥ፣ የወላጁ ነገር ልክ ነህ። መፍትሔው ግን ሌላ ወረቀት መላክ ነው፤ ልጁ የሣለውን ሥዕል፣ ከጀርባው «ዛሬ ቁምና አግድም መስመር ተለማመድን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ። ወላጅ ሥራ ካየ ደብተሩ ላይ አይከራከርም።

«ፊደል ጨርሰዋል» የሚለውን ግን ፈትሸህ እመን። ፊደል ገበታው 33 በ7 ነው፣ 231 ሆሄ። ብዙ ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ይወጣዋል። ከገበታው መሃል ቱ ን በዘንግ ስታመለክተው ግን ከተ ጀምሮ በሹክሹክታ ይቆጥራል፤ አንዳንዱማ ከሀ ይነሣል። ያ ልጅ ቅደም ተከተሉን ነው የያዘው። ስለዚህ ሆሄዎችን በካርቶን ጽፎ ማደባለቅ፣ «ቱ ን አምጣልኝ» ማለት ነው። ሰ፣ በ እና ለ ን አንድ ላይ አስቀምጥ፣ መልካቸው የሚመሳሰልበት ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ ን ግን በዚህ ጨዋታ አታቀላቅል፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ልጁ ትክክል ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ይመስለዋል።

መልስ፦ ቆርኪ

ለሒሳብ ቆርኪ ሰብስቢ፤ ስሜም ከዚያ ነው የመጣው። ሰባት ቆርኪ ደርድረሽ አስቆጥሪ። ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» በይው። እንደገና ከአንድ ከጀመረ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ገና አልገባውም። «ሰባት» ካለ ቆርኪዎቹን አራርቀሽ ድገሚለት፤ አሁን በዙ የሚልም አለ። ይህን የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ በሰፊው ያጠናው ጉዳይ ነው፣ ከዕድሜ ጋር ይስተካከላል፣ አትቆጪው። እስከ መቶ የሚዘልቅ ልጅ እዚህ ላይ ሲደናገር ታያለሽ። በቀን አምስት ስድስት ልጅ፣ ሌሎቹ ሥዕል ሲሥሉ እየጠራሽ እይ፤ በሁለት ሳምንት ሁሉንም ታዳርሻለሽ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ካርቶን መቁረጥ ጀምሬአለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ስጠይቃት ዝም የምትል ልጅ ብታጋጥመኝስ? በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅስ? ቤተሰብ «በቀኙ አስለምጂልን» ይላል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ቁም ጽሕፈት

ግራኙን አታስቀይሪው። ከዴስኩ በግራ ጫፍ አስቀምጪው፣ ክርኑ ከጎረቤቱ እንዳይጋጭ። ወረቀቱን የላይኛው ጫፉ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አጋድሚለት፤ እርሳሱንም ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጎ ይያዝ፣ አለዚያ የጻፈውን በእጁ እየሸፈነ አያየውም። ለቤተሰቡም ይህንኑ አሳያቸው፣ ጽሕፈቱ ሲያምር ጥያቄው ይቀራል።

መልስ፦ ጠመኔ

ዝም ለምትለው ልጅ መጀመሪያ ጊዜ ስጫት። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የሚመልሱት ልጆች በዙ፣ መልሳቸውም ረዘመ። በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። ካልሆነ በጣቷ ታመልክት፣ ወይም ለጎረቤቷ ትንገርና ጎረቤቷ ይናገርላት። ከጀርባዋ ሆነሽ በዝግታ ስሟን ስትጠሪ ዘወር ካላለች፣ ወይም ሁልጊዜ ጓደኞቿን አይታ የምትነሣና የምትቀመጥ ከሆነ፣ ጆሮዋ እንዲታይ ለወላጆቿ ንገሪ፤ እስከዚያው የፊት ረድፍ ላይ አስቀምጫት።